የአቶ ደምመላሽ ዓሦች

"ነገ ትወጫለሽ ብያለሁ፤ አለቀ!" አሉ አቶ ደምመላሽ።

"ለሰው ቢሆን እሺ፤ ለዓሣ ብዬ ግን አልወጣም" አለች ተከራያቸው።

ባለጠጋው አቶ ደምመላሽ የቪላቸውን ምድር ቤት አሳድሰው ግድግዳ የሚያህል የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሊያስገቡበት ነበር። እዚያ የምትኖረው በርበሬ ሻጭ ደግሞ ከልጆቿ ጋር የምትገባበት ሌላ ቤት አልነበራትም። ስለዚህ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራች።

አቶ ደምመላሽ በሽማግሌዎቹ ፊት ሳቁባት።

"ዓሣ በርበሬ አይወቅጥም፣ እንግዳ አያበዛም፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ነው። እስቲ አንቺ የምታደርጊልኝ፣ ዓሣ ግን የማያደርግልኝ አንድ ነገር ንገሪኝ። ከነገርሽኝ ኑሪ፤ በእነዚህ አባቶች ፊት ቃሌ ነው።"

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ክፉ አይንካዎት እንጂ ድንገት ቢሞቱ፣ እኔ ከሰፈሩ ሰው ጋር ደረቴን እየደቃሁ አለቅስልዎታለሁ። ዓሦችዎ ግን ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ቢያለቅሱስ እንባቸውን ማን ያይልዎታል?"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አቶ ደምመላሽ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ከዚያ ደረጃውን ወጥተው ሄዱ።