ፍሙ ያልተሰማው ግንበኛ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ግንበኝነት ነው። ሁለት ሰው የማያነሣውን ድንጋይ ብቻውን አቅፎ የሚያስቀምጥ ብርቱ ነበረ። የእሱን ታሪክ የምነግርህ፣ ልጄ አንሙት፣ ስለጠየቅኸኝ ነው። «አባ፣ ወንድነቴ ከዳኝ። አዋቂ ቤት ልሂድ? ገበያ የሚሸጠውን ክኒን ልዋጥ? ወይስ ችዬው ዝም ልበል?» አልኸኝ። የነፍስ አባትህ ነኝና እኔ አላፍርብህም፤ አንተም አትፈር። ስማኝ።

ግንበኛው ሚስቱን ይወዳት ነበር፤ ልጆች ወልደው አሳድገዋል። አንድ ክረምት ግን ወደ እሷ ሲቀርብ ሰውነቱ እንቢ አለው። ድካም ነው ብሎ አለፈው። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፤ ሰውነቱ አሁንም እንቢ አለ። ሚስቱ አንድ ጠዋት፣ «ምን ሆነሃል? አሞህ ከሆነ ንገረኝ» ብትለው፣ «እኔን ምን ይሁነኝ! ያንቺን ፊት ነው የጠላሁት» አላት። ውሸቱን ነበር። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ሊመልሰው ወደደ፤ ኩራቱ አላስቻለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደብ ላይ ብቻውን ይተኛ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የውሃ ጥም ያዘው። ጠጥቶ አፉን ሳይጠርግ ደግሞ ይጠማዋል። ልብሱም እየሰፋው ሄደ። ይህን ሁሉ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር።

ገበያ ወጣና ከመናኸሪያው ጀርባ ክኒን በጨርቅ ቋጥሮ ከሚሸጥ ሰው ገዛ። ክኒኑ ምን እንደሆነ ሻጩ አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። «አንዱ ይበቃሃል» ቢለው፣ አንዱማ ለደካማ ነው ብሎ የያዘውን ሁሉ ባንዴ ዋጠው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ፊቱ ነደደ፤ ልቡ በጆሮው ውስጥ ይመታ ጀመር። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ስትል ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ሰማያዊ ነበር። ነጠላዋ ሰማያዊ፣ ግድግዳው ሰማያዊ፤ ከንፈሯ እንደ ሬሳ ከንፈር። «ምነው እንዲህ ታየኛለህ?» ስትለው ሬሳ ያናገረው መሰለው። ጮኾ ወጣና ደጅ ላይ ወደቀ። በማግስቱ ዓይኑ ዳነለት፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት ቀረ። ሚስቱ በቀረበችው ቁጥር ይሸሻት ጀመር።

ይሄኔ አዋቂው ቤት ሄደ። አዋቂው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰማውና በቀስታ፣ «ታስረሃል» አለው። «ያሰረህ ከገበታህ የበላ ሰው ነው። ሚስትህን ሬሳ አድርገህ ያየሃት ዓይንህ ስለተከፈተ ነው። ተጠንቅቀህ ጓሮህን ተመልከት። የላከብህ ሠራዊት እዚያ ይሰለፋል።»

ግንበኛው በማለዳ ወደ ጓሮ ዞረ። ዘወትር ሽንቱን የሚሸናበት ቦታ ጠቁሯል፤ ቀረብ ሲል መሬቱ ይንቀሳቀሳል። ጉንዳን ነው። ካጥሩ ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ ድምፅ ሳያሰማ በቀጭን ሰልፍ ይመጣል። ቦታ ቀየረ፤ ሰልፉም ዞሮ አዲሱ ቦታ ላይ ጠበቀው። አመድ ነሰነሰበት፤ አመዱን ዞሮ መጣ። ልጆቹ ከሸኑበት ድርሽ አይልም፤ የሚከተለው እሱን ብቻ ነው። ሰውየው በዚያ ጸጥታ ቆሞ ሲመለከት፣ ጉንዳኖቹ ስሙን የሚያውቁት መሰለው።

ከገበታዬ የበላ ማን ነው? ብሎ አሰበ። ታናሽ ወንድሙ ከጎኑ ነው የሚኖረው፤ ከልጅነታቸው ባንድ ሳህን በልተዋል። ሄደና በሩ ላይ ቆሞ፣ «ፍታኝ!» አለው።

«ምኑን ልፍታህ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ያሰርከውን ታውቀዋለህ።»

«እኔ? አንተን? በናታችን አጥንት እምላለሁ፣ የምትለው አልገባኝም!»

«እናታችንን አትጥራ» አለና ደጁን እንዳይረግጥ ገዘተው። በዚያው ሳምንት በሁለቱ ቤት መካከል ግንብ አቆመ። ወንድሙ ከማዶ ሆኖ የመዶሻውን ድምፅ ይሰማና ያለቅስ ነበር።

ግንቡ ቆመ፤ ሰውነቱ ግን እንደ ሰነፈ ነው። አዋቂው ዘንድ ቢመለስ፣ «የቀረው ፍም ነው» አለው። «በሰው ፊት በፍም ላይ ትሄዳለህ። ካቃጠለህ የተላከብህ መንፈስ አለ ማለት ነው። ካላቃጠለህ ለቆሃል።»

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ፍሙ ተነጠፈ። ግንበኛው ጫማውን ሲያወልቅ ሚስቱ እግሩ ላይ ወድቃ፣ «ተው፣ በልጆችህ!» ብትለው ገፍትሯት ገባ። ሣር ላይ እንደሚሄድ ሰው ዝግ ብሎ ተራመደ። ቅንድቡ እንኳ አልተሰበሰበም። መካከል ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ እግሩ ተመለከተ። ከእግሩ ሥር ጭስ ይወጣል።

«አይሰማኝም» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱ በደስታ እየበራ፣ «ምንም አይሰማኝም!»

ሴቶች እልል አሉ። ወንዶች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ሚስቱ ግን እልልታው መካከል የሥጋ ሽታ ሸተታት። ዘላ ገብታ ጎትታ አወጣችው፤ መሬት ላይ አስቀምጣ ግራ እግሩን አነሣች። ቆዳው ተልጧል። በተቃጠለው ሥጋ ውስጥ አንድ የዛገ ሚስማር እስከ አናቱ ተሰክቷል፤ ዙሪያውም ከፍሙ በፊት የጠቆረ፣ የቆየ ቁስል ነው። ሰውየው ሚስማሩ መቼ እንደወጋው አያውቅም ነበር።

«እልልታችሁን ዋጡት!» አለች። «ይህ ሰው አልዳነም። እግሩ ሞቷል!»

እግሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ባሌ ታሟል። ከእኔ ጋር መተኛት ካቃተው ቆይቷል። ውሃ ጠጥቶ አይረካም። ሥጋው አልቋል። ይህን በሰው ፊት መናገር ነውር ነው የምትሉ፣ ነውሩ በእኔ ላይ ይሁን!»

ግንበኛው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «ገደልሽኝ» አላት።

«ገና ላድንህ ነው» አለችው።

ሰው ሁሉ መንፈሱ ይጋባብናል ብሎ ሊሸከመው ፈራ። አዋቂው የት እንደገባ ያየ የለም። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ሰዉን እየገፋ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠውና እስከ መኪና መንገድ ተሸክሞ ወሰደው።

በሆስፒታል የተቀበለችው ሐኪም ሴት ነበረች። ደሙን አስመረመረችና፣ «የስኳር በሽታ ነው» አለችው። «ጥሙም፣ መክሳቱም ከሱ ነው። መጣብኝ ያልከውን ጉንዳንም የጠራው ከሽንትህ ጋር የሚወጣው ስኳር ነው። ነርቭህንም ስለጎዳው እግርህ እሳት አይለይም። ለመሆኑ መጀመሪያ የተለወጠብህ ምን ነበር?»

ሰውየው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚስቱ እጁን ያዘች፤ አሁን ግን አልተናገረችለትም፤ ራሱ እስኪናገር ጠበቀችው። ፊቱን ሳይመልስ፣ «ወንድነቴ» አለ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ስንፈተ ወሲብ እንለዋለን። ብዙ ወንድ ያገኘዋል። አንዳንዱ ከጭንቀት፣ አንዳንዱ ከመጠጥና ከትምባሆ ይመጣበታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም መኖሩን ቀድሞ የሚናገር እሱ ነው። ያን ጊዜ ብትመጣ እግርህ ለመቆረጥ አይደርስም ነበር።»

«ክኒን ወስጄ ሚስቴን ሬሳ መስላ አየኋት።»

«ክኒኑን ከመጠን በላይ ስለወሰድከው ነው። ሁሉን ሰማያዊ ያደርጋል። የደረት ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ሰው ብትሆን ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር።»

ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት፤ የቀኙ ቃጠሎ ዳነለት። ስኳሩ በመድኃኒትና በአመጋገብ ወረደለት። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ ልቡን መርምራ ክኒኑን በልክ አዘዘችለት፤ ይህ ካልሠራ በመሣሪያ የሚረዳም፣ በመርፌ የሚሰጥም አለ ብላ አስረዳችው። የመጀመሪያው ልክ አልረዳውም፤ ለወጠችለት። እንደ ሙሽርነቱ ዘመን ሆነለት አልልህም። ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ፊትሽን ጠልቼው አላውቅም፤ ፈርቼ ነው» አላት። አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ክኒኑ የሠራው ከዚያ በኋላ ነው ይላል እሱ ራሱ። ግንቡን ያፈረሰው ወንድሙ ነው፤ ግንበኛው ባንድ እግሩ ቆሞ ድንጋይ ማንሣት አልቻለም።

እንግዲህ ልጄ አንሙት፣ ያ ግንበኛ አንተ ነህ። እሱ በዚያ ክረምት የቆመበት ቦታ ላይ ነው ዛሬ የቆምከው፤ ፍሙ ገና አልተነጠፈልህም። የአንተ ሕመም ስኳር ይሁን፣ ሐሳብ ይሁን፣ ድካም ይሁን እኔ አላውቅም። አዋቂውም አያውቅም። ክኒን በጨርቅ የሚቋጥረውም አያውቅም። የሚያውቅ መርምሮ የሚያይ ነው። ጸሎት ከሆነ እኔም እጸልይልሃለሁ፤ ጠበልም አልከለክልህም፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ካልከኝ ግን በረከቴን አትጠይቀኝ። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ለሚስትህ ንገራት፤ ነገ አብራችሁ ሂዱ።

ይህን ስትነግረኝ ፊትህ ነዷል፤ አይቼዋለሁ። መንደዱን አትጥላው። ግንበኛው ፍም ረግጦ ምንም አልተሰማውም፤ ሰዉም ዳነ ብሎ እልል አለለት። አንተን ግን ዛሬም ያቃጥልሃል። የሚያቃጥለው ሰው ይድናል።