ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው

ተረት ተረት ብዬ ብጀምር «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። እኛ ሰፈር ላምም የለ፣ በረትም የለ፤ ያለው ኮምፒውተር ነው። እሱንም ዳንቴል አልብሰነዋል። እንግዲህ ጆሮ ያለው ይስማ፤ ስልክ የሚነካካውም ስልኩን ይድፋና ይስማ።

እማማ ይታይሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ ዳምጠው ከሞቱ ወዲህ ጥቁር ሻሻቸው ከራሳቸው ወርዶ አያውቅም። ሽማግሌ ቢላክ እምቢ፣ ጎረቤት ቢለምን እምቢ። አዝመራ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ጅማ ያገባች። እሷም ሴት ልጅ ወለደች። በእነሱ ዘር ደግሞ ለሕፃን ስም የምታወጣው የእናት እናት ናት፤ የምታወጣውም ፊቱን አይታ ነው። «ያላየሁትን ፊት ምን ብዬ ልጠራው?» ይላሉ እማማ። ሄደው እንዳያዩ ጉልበታቸው እንኳን ጅማ፣ ገበያም አያደርሳቸው። ስለዚህ አማቻቸው ብስራት፣ በክርስትናው ቀን በሱ ውስጥ ይተያዩ ብሎ ኮምፒውተር ላከላቸው።

ቀኑ ደረሰ። አዝመራ በማለዳ ደወለች።

«እማዬ፣ ድፎው ሳይቆረስ ብቅ በይ እሺ? ድፎው ከተቆረሰ ብስራት ራሱ ስም ሊያወጣላት ነው።»

«ማን ሊላት?»

«ኔትወርክ።»

«ማን?»

«ኔትወርክ ብስራት። ዘመናዊ ስም ነው ይላል።»

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉ እማማ ይታይሽ። «የዳምጠው የልጅ ልጅ? ነገ ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ ‹ኔትወርክ የለችም› ሊባል?» ስልኩን ዘጉና ወደ ኮምፒውተሩ ሮጡ። ሮጡ ስል በሳቸው ጉልበት ነው እንግዲህ።

ዳንቴሉን ገለጡ፣ ቁልፉን ተጫኑ። «በል ልጄ፣ የሕፃኗን ፊት አሳየኝ» አሉት።

«አላሳይም!» አለ ኮምፒውተሩ። «የኢንተርኔት መስመር ሳይመጣልኝ ከየት አምጥቼ ላሳይዎት?»

ኮምፒውተሩ ፊት አያሳይ፤ ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው!

እማማ ወደ መስመሩ ዞሩ። «መስመር፣ የት ነው ያለኸው? ና እንጂ!»

«አልመጣም!» አለ መስመሩ። «አንቴናው አንገቱን ደፍቶ በየት በኩል ልግባ?»

መስመሩ አይመጣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አያሳይ፤ ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው!

የሰፈሩ ሁሉ አንቴና የተተከለው እሳቸው ጣሪያ ላይ ነው። ወጥተው ቀና ቢሉ፣ አንቴናው እንደ ሰካራም ተጋድሟል። «ቀና በል እንጂ አንተ! ብረት አይደለህ?»

«አልቀናም!» አለ አንቴናው። «ይሄን የሚያህል ቁራ አንገቴ ላይ ተቀምጦ? እርስዎ ይቻሉት እስኪ!»

አንቴናው አይቀና፣ መስመሩ አይመጣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አያሳይ፤ ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው!

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እማማ ይታይሽ ከቁራ ጋር ሽምግልና ተቀመጡ። «ቁራዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ እባክህ ውረድልኝ።»

ቁራ መቼም ባለጌ ነው። «አንቺ አሮጊት፣ አልወርድም!» አላቸው። «ሥጋ ሻጩ ድንበሩ ሥጋውን ደጅ ሰቅሎታል። ዞር ሲልልኝ ዘልዬ ልነጥቀው ነው። ሥጋው ካልገባ ንቅንቅ አልልም።»

«‹አንቺ›? እኔን?» ብለው አንድ እግር ነጠላ ጫማቸውን ወረወሩበት። ጫማው ጣሪያው ላይ ቀረ። ቁራውም ቀረ።

ቁራው አይወርድ፣ አንቴናው አይቀና፣ መስመሩ አይመጣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አያሳይ፤ ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው!

በአንድ እግር ጫማ እያነከሱ ሥጋ ቤቱ ደረሱ። ድንበሩ ሽንጡን በራፉ ላይ ሰቅሎ በጭራ ዝንብ ያባርራል።

«ድንበሩ ልጄ፣ ይሄን ሥጋ ባስቸኳይ አስገባልኝ!»

«ይቅርታ እማማ፣ አላስገባም» አለ ድንበሩ። «ዛሬ ሰው ሥጋ የሚመርጠው ቆሞ አይደለም፣ ተኝቶ ቴሌግራም ላይ ነው። ያምሮት መጥታ ፎቶ ካላነሳችልኝ አይነካም። የሚያምረው ፀሐይ ሲያርፍበት ነው።»

«ቴሌግራሙስ ይሠራልሃል?»

«ኧረ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል፤ ምን እንደነካው እንጃ!»

የገዛ ሥጋው ቁራ ጠርቶ፣ ቁራው አንቴና አጉብጦ፣ እሱ «ምን እንደነካው እንጃ» ይላል። እማማ እንዳይነግሩት ቀኑ ሄደባቸው።

ድንበሩ ሥጋ አያስገባ፣ ቁራው አይወርድ፣ አንቴናው አይቀና፣ መስመሩ አይመጣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አያሳይ፤ ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው!

ያምሮት ፀጉር ሠሪ ናት፤ በሰፈሩ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘችውም እሷ ናት። ፀጉር ቤቷ በር ላይ አገጯን ይዛ አገኟት።

«የኔ ልጅ፣ ተነሺና የድንበሩን ሥጋ ፎቶ አንሺ፣ እግርሽ ሥር ልውደቅ!»

«ኧረ እኔን ያስቀድመኝ እማማ! ግን አላነሳም» አለች ያምሮት። «የዱሮውን አልባሶ ሹሩባ ዛሬ ሠርቼ አሳያለሁ ብዬ ለተከታዮቼ ቃል ገብቻለሁ። የሚመጣልኝ ሁሉ ግን ዊግ ነው! ዊግ ላይ አልባሶ ልሥራ? የራሷ ፀጉር ያላት ሴት ሳላገኝ ካሜራዬ ሥጋ አያይም።»

ይህን ብላ ጥቁሩን ሻሽ አየችው።

«እንዳታስቢው!» አሉ እማማ ይታይሽ፣ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «አልፈታም! ይሄን ፀጉር ይወድልኝ የነበረው ዳምጠው ነው። በየበዓሉ ‹አልባሶሽን ካልተሠራሽ በዓሉ አልገባም› ይለኝ ነበር። ለማን ብዬ ነው አሁን የምሠራው? እምቢ አልኩ፣ እምቢ!»

ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል ይሄ ነው። እማማ ይታይሽ ሻሽ አይፈቱ፣ ያምሮት ፎቶ አታነሳ፣ ድንበሩ ሥጋ አያስገባ፣ ቁራው አይወርድ፣ አንቴናው አይቀና፣ መስመሩ አይመጣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አያሳይ፤ ሕፃኗ ኔትወርክ ልትባል ነው!

«እማማ» አለች ያምሮት ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ዳምጠው ቢኖሩ፣ የልጅ ልጃቸው ኔትወርክ መባሏን ሲሰሙ ምን ይሉ ነበር?»

«ምን ይላል! ዳግመኛ ይሞት ነበር እንጂ!»

ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ደነገጡ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። ከሳቁ ጋር እንባም አመለጣቸው። ሲስቁና ሲያለቅሱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ፣ ሻሻቸውንም ፈቱት። ፀጉሩ ትከሻቸው ላይ ወረደ። ሽበት ነው፣ ግን ምን የመሰለ!

«እ ል ል ል!» አለች ያምሮት። አልባሶ ወፍራም ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፤ የሷ ጣት ደግሞ ምላስ እንኳ አይቀድመው።

እማማ ይታይሽ ሻሽ ፈቱ፣ ያምሮት ሹሩባውን ቀርጻ ሥጋውን ፎቶ አነሳች፣ ድንበሩ ሥጋ አስገባ፣ ቁራው ተሳድቦ ወረደ፣ አንቴናው ቀና፣ መስመሩ መጣ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አሳየ!

ያሳየው የመጀመሪያ ፊት የብስራት ነው። ቢላውን ድፎው ላይ አሳርፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ «እንግዲህ ስሟ ኔት…»

«ያን ቢላ አስቀምጥ!» አሉ እማማ ይታይሽ።

ቢላው ከእጁ ወደቀ። አዝመራ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ስክሪኑ መጣችና የእናቷን ፀጉር አየች።

«እማዬ… ተሠራሽ?» አለች። «አባዬ የሚወደውን?»

«ተሠራሁ። በይ አታልቅሺ፣ አስጠጊልኝና ልያት።»

አስጠጋችላቸው። ግንባሯ የዳምጠው ግንባር ነው፤ ቁጣውም ሳይቀር አለበት። እማማ ይታይሽ ስክሪኑን በጣታቸው ዳበሱት።

«ማስረሻ» አሉ። «ስሟ ማስረሻ ነው።»

ጅማ በእልልታ ተናወጠ፤ እልልታውም በአንቴናው ወርዶ እስከ ድንበሩ ሥጋ ቤት ተሰማ። ብስራት ብቻ ድፎውን እየቆረሰ አጉረመረመ። «ኔትወርክስ? ያን ያህል ያሰብኩበት ስም ከንቱ ሊቀር ነው?»

ከንቱስ አልቀረም። እማማ ይታይሽ ዛሬም በየጠዋቱ ሹሩባቸውን አሳምረው፣ ማስረሻን ሊያዩ ኮምፒውተራቸው ፊት ከመቀመጣቸው በፊት፣ ወደ ደጅ ይወጣሉ። ሌላኛውን እግር ጫማቸውን ይዘው ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣሉ።

«ኔትወርክ!» ይላሉ። «አንተ ባለጌ ቁራ፣ ውረድ ከዚያ!»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ተዉት፣ ጅማ ላይ ተቆርሶ አልቋል።