የሸማኔው ቆርቆሮ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተት ኖሮ፣ በመጨረሻ ከአንድ ነጋዴ ቤት ገዛ። ቀብድ ሰጠ፣ ውል ተፈራረሙ፣ ቁልፉን ተረከበ፤ ቀሪውን ለመስቀል ሊከፍል ተስማሙ። ቤት አልኩ እንጂ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ጣራውን ነፋስ ከወሰደው ቆይቷል። ሸማኔው ቆርቆሮ አለበሰው። ወለሉንም ቆፍሮ እግሩን የሚያወርድበትን የሽመና ጉድጓድ አበጀና ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ። ደስታው ልክ አልነበረውም።

ብዙም ሳይቆይ በቤቱ ፊት መንገድ ሊወጣ ነው፣ የቤቱም ዋጋ ሊንር ነው ተባለ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ አላስችል አለው። ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና፣ «ውሉን ትቼዋለሁ፤ ቀብድህን እንካ፣ ቤቴን ልቀቅ» አለው። ሽማግሌዎቹ የነጋዴውን ድግስ የለመዱ ናቸው። «ገንዘብህን ካገኘህ ምን ቀረብህ? ውጣ እንጂ» አሉ። አንዱማ፣ «ሸማኔ ደግሞ ስለ ውል ምን አገባው» ብሎ ሳቀ።

ሸማኔው በንዴት በገነ፤ ግን አልተሳደበም። አካፋ አንሥቶ ገባ፣ የሽመና ጉድጓዱን ደፈነ፣ ወለሉን ደልድሎ ወጣ። ነጋዴው፣ «ጎሽ፣ ሰው እንዲህ ሲገባው ደስ ይላል» አለ። ሸማኔው ግን መሰላል አቁሞ ጣራው ላይ ወጣና ምስማሩን እየነቀለ ቆርቆሮውን ያወርድ ጀመር።

«ምን ማድረግህ ነው? ክረምቱ ደርሷል እኮ! ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው?» አለ ነጋዴው።

«ያንተን አልነካሁም» አለ ሸማኔው ከላይ ሆኖ። «ወለልህን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ደፈንኩልህ። ግድግዳህን እንዳስረከብከኝ ውሰድ። ቆርቆሮው ግን የላቤ ነው። ቀብዴንም እጥፍ አድርገህ ትመልሳለህ፤ ውሉን እኔ ባፈርስ ኖሮ ቀብዴ ቀልጦብኝ ይቀር አልነበር? እናንተም አባቶች፣ ሳቃችሁን ስትጨርሱ ፍረዱ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ሽማግሌዎቹ አፈሩ። ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እውነቱን ነው። ውሉን ያፈረሰው ሻጩ ስለሆነ ምርጫው የገዢው ነው። ልጄ፣ ቤቱን ትፈልጋለህ ወይስ እጥፍ ቀብድህን?» አለው።

ሸማኔው፣ «ቤቱን» አለ። ከዚያም ሚስቱን መዶሻ አቀብይኝ ብሎ ያወረደውን መልሶ ይመታ ጀመር።

ይኸውልህ ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸኝ፣ «ቤቱን የሸጠልኝ ሰው ሐሳቡን ቀየረ፤ የከፈልኩትን ከመለሰልኝ ከመውጣት በቀር ምን መብት አለኝ?» ብለህ ነው። ሸማኔው አንተ ነህ። ያበላሸኸው ካለ አቃና። ሻጭም መብት አለው፤ ገዢ ውሉን ሲያፈርስበት ቀብዱን ያስቀራል፣ ቤቱን እንደነበረ ይረከባል። የደከምክበትን ግን ለማንም ጥለህ አትውጣ። ውጣ ሲሉህ፣ ውሉን ማን እንዳፈረሰው በሰው ፊት ጠይቃቸው። በል አሁን አንገትህን ደፍተህ እዚህ አትቀመጥብኝ። ተነሥ፣ ሻጩንና ሽማግሌዎችን እንጥራቸው፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ።