የጋሽ ጫንያለው ፈቃድ

አንድ ቀን በአንድ የስንዴ ምርምር ጣቢያ ከከተማ የሚመጡ እንግዶች ይጠበቁ ነበር። የጣቢያው ችግኝ አጠጪ ጋሽ ጫንያለው ማልደው ተነስተው ችግኝ የሚያድግበትን የመስታወት ቤት፣ ግሪን ሃውሱን፣ ጠረጉ፣ ችግኙን አጠጡና የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ውብእሸት ቢሮ ገቡ። ዶክተሩ በእውቀታቸው የተከበሩ ናቸው፤ ሰው ቅጠሩ ሲባሉ ግን እጃቸው አይፈታም።

«ዶክተር፣ የፊታችን እሁድ ልጄን እድራለሁ። ጥቂት ቀን ፈቃድ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

«እርስዎ ሄደው ችግኙን ማን ያጠጣል?»

«ረዳት ይቀጠርልኝ ካልኩ እኮ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

ዶክተሩ ተነስተው የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «ጋሽ ጫንያለው፣ እርስዎ እኮ ምትክ የሌለዎት ሰው ነዎት!»

ፈቃድ በተጠየቁ ቁጥር መልሳቸው ይኸው ነው። ለሙገሳ ደግሞ ምን ይመለሳል? ጋሽ ጫንያለው እንደ ልማዳቸው አመስግነው ወጡ። ልጄ አባት እንደሌላት ልትዳር ነው እያሉ ሲብሰለሰሉ እንግዶቹ ደረሱ።

ዶክተሩ እንግዶቹን በመደቦቹ መካከል እያዞሩ ማስረዳት ያዙ።

«ይሄ የዳቦ ስንዴ ነው። ያ ጥግ ላይ ያለው ቀጫጫ ሣር ደግሞ የሥጋ ዘመዱ ነው። የሣሩ አብዛኛው ጂን፣ ማለትም ዘረመሉ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ነው። ስንዴው ግን ጥንት ከሦስት የሣር ዘሮች ተዳቅሎ ስለመጣ ብዙው ጂኑ ሦስት ሦስት ነው።»

«ሦስት መሆኑ ምን ጠቀመው?» አሉ አንዲት እንግዳ።

«ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው። አንደኛው የድሮውን ሥራ ይዞ ሲቀጥል ሌላው ነፃ ይወጣል፤ አዲስ ሙያ ይማራል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። ምትክ የሌለው ጂን ግን ምስኪን ነው። ንቅንቅ ማለት አይችልም። ከሥራው ቢጎድል ተክሉ አለቀለት። ስለዚህ ሚሊዮን ዓመት እዚያው እንደተገተረ ይኖራል።»

ከኋላ የውሃ ጎማ ይዘው የቆሙት ጋሽ ጫንያለው ሳቅ አመለጣቸው። ዶክተሩ ሲያስተምሩ የሚስቅባቸውን አይወዱምና ዞር አሉ።

«ምን ያስቃል ጋሽ ጫንያለው? ለመሆኑ የምናገረው ገብቶዎታል?»

«ዛሬ ገና ገባኝ ዶክተር» አሉ ሽማግሌው፣ ጎማውን መሬት አስቀምጠው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ‹ምትክ የለዎትም› ሲሉኝ የሚያሞግሱኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየረገሙኝ ኖሯል።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዶክተሩም የግዳቸውን ሳቁ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ጫንያለው አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ረዳት እስኪገኝ ድረስ ዶክተር ውብእሸት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ችግኝ ያጠጡ ነበር አሉ።