የአያ ጅቦ የላባ ፍራሽ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ተራሮችን በሚለያይ ጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ፣ ክንፍ ያላቸው ክንፍ የሌላቸውን እያሻገሩ ይኖሩ ነበር። ጆፌ አሞሮች ተሳፋሪውን ቅርጫት ውስጥ አስገብተው፣ ቅርጫቱን በጥፍራቸው አንጠልጥለው ማዶ ያደርሱታል። ለድካማቸውም ንጉሥ አንበሳ ከግዳዩ ድርጎ ይቆርጥላቸዋል። ጥንቸሉም ጃርቱም በእነሱ ክንፍ ተማምኖ ሳሩንና ውሃውን ከማዶ ያገኝ ነበር።

ግዳይ የጠፋበት ዓመት መጣና አንበሳ፣ «ድርጎውን የሚቆጥብልኝ አለቃ ያስፈልጋል» ብሎ ሾመ። ማንን? አያ ጅቦን። ክንፍ የሌለውን፣ ከሆዱ በቀር ሌላ አስቦ የማያውቀውን አያ ጅቦን። እሜቴ ቀበሮ ደግሞ አማካሪው ሆነች።

ጅቦ በተሾመ ማግስት፣ ድርጎውን ቀምሼ ላካፍል ብሎ ለአሞሮቹ አጥንቱን ብቻ አስተረፈላቸው። ከዚያ ደግሞ የአፋፉ ድንጋይ ጎኔን ቆረቆረኝ አለ።

«አለቃ እንዴት ድንጋይ ላይ ይተኛል?» አለች ቀበሮ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ጌታዬ። እያንዳንዱ አሞራ ከክንፉ ጥቂት ላባ ቢያዋጣ ምን ይጎድልበታል?»

«ጥቂት ለምን ይሆናል? እኔ የምፈልገው ወፍራም ፍራሽ ነው» አለ ጅቦ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው በሚያውቁት አገር፣ ያውም ቁርበቱን ንቆ፣ ላባ አስነጠፈ።

ከአሞሮቹ መካከል ጫጩት የምታሳድግ አንዲት ጆፌ ነበረች። ከሁለቱም ክንፎቿ ረጃጅሞቹን ላባዎች ነጩባት። ቻለችው፤ ድርጎው ቢቀር ጫጩቷ ምን ትበላለች? በማግስቱ አንዲት ጃርት ይዛ ስትበር ግን ገደሉ መካከል ላይ ክንፏ ነፋሱን አልይዝ አላት። ቅርጫቱ ተዘቀዘቀ። ጃርቷ ጠርዙን በጥርሷ ነክሳ ተንጠለጠለች። ጆፌ እንደ ምንም ብላ ማዶ አደረሰቻት።

ስትመለስ ጅቦ ፍራሹ ላይ ተንጋልሎ ጠበቃት።

«ዘገየሽ። ዛሬ ድርጎ የለሽም» አላት።

«ዘገየሁ? ጃርቷ ገደል ከመግባት የተረፈችው ለጥቂት ነው።»

«ስንፍና ነው» አለች ቀበሮ ጣልቃ ገብታ። «ከእንግዲህ በአንድ ቅርጫት ሦስት ሦስት ትጭናላችሁ። ጉድለቱ በዚያ ይሞላል።»

ተራዋ የደረሰ ጥንቸል ሁለት ልጆቿን አቅፋ ቅርጫቱ ውስጥ ገባች። ጆፌ ሕፃናቱን አየቻቸው።

«ውረጂ፣ እቴ» አለቻት። «እኔ ልጆችሽን ገደል አልከትም።» ወደ ጅቦም ዞራ፣ «የኔዋ ተርባ ትደር። አላነሣም» አለችው።

ሌሎቹም አሞሮች ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ። ቀበሮ ሮጣ ሄዳ ለአንበሳ፣ «አሞሮቹ አመፁብዎ» አለችው። አንበሳ እያገሣ መጣ።

«ለምን አታሻግሩም?»

ጆፌ ክንፏን ዘረጋች። ላባው በጎደለበት በኩል የማዶው ተራራ አሻግሮ ይታይ ነበር።

«ላባሽ የት ገባ?» አላት አንበሳ።

ጆፌ ወደ ፍራሹ ዞረች። ቀበሮ ለጅቦ በዐይኗ ጠቀሰችው፤ ዝም በል ማለቷ ነበር። ጅብ ጥቅሻ የት ያውቃል?

«አይስጉ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ፍራሹን መታ መታ እያደረገ። «አንድም ላባ አልጠፋም። ሁሉንም ተኝቼበት እየጠበቅሁት ነው።»

አንበሳ ጅቦን በጥፊ አጩሎ ከአፋፉ አባረረው። አሞሮቹም ተመስገን አሉ። አንበሳ ግን ከመሄዱ በፊት ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ አለቃችሁ እሜቴ ቀበሮ ናት» አላቸው። ቀበሮም ፍራሹን አራግፋ ወጣችበት።

አሞሮቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሻገሩን ተዉ። ላባቸው እስኪበቅል በየጎጇቸው ተቀመጡ፤ የበቀለለት ሁሉ ልጆቹን ይዞ ገደሉን ተሻገረና በዚያው ቀረ። በመጨረሻ የሄደችው ጆፌ ናት። ጫጩቷን ከፊት አስቀድማ፣ ጥንቸሏን ከነልጆቿ በቅርጫት አንጠልጥላ ነበር የሄደችው። አንበሳው ዛሬም ገደሉ ዳር ቆሞ ማዶ ማዶ እያየ ያገሣል፤ የሚያሻግረው ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ክንፍ የነጨውን አለቃ ሽሮ ያስነጨውን የሚሾም ንጉሥ ገደል ዳር ያለ አሻጋሪ እንደሚቀር ነው።