የዋኔ ባለ ሦስት ፎቅ

ተረት ተረት! ዛሬስ «የእንግዳ ቤት» ብላችሁ ተቀበሉኝ።

ከራሷ ጎጆ ሌላ ሠርታ የማታውቅ ዋኔ ከወንዝ ማዶ፣ በሰው አገር፣ የእንግዳ ማረፊያ ልትሠራ ተነሣች። እንጨት ቢያጥራት ምስጥን ለመነች።

ምስጥ ለስለስ ብሎ፣ «አበድርሻለሁ። እስከ ክረምት ባትመልሺ ዋስሽ ማነው?» አላት።

«እናቴ ናት፤ የምትኖርበት ዋርካ መያዣ ይሁንህ» አለች። እናቷም ልጄን አላሳፍርም ብላ እሺ አለች።

ዋኔ ባለ ሦስት ፎቅ አቆመች። የዚያ አገር እንስሳ ግን ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ፎቅ የሚወጣ እንግዳ ጠፋ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከደጅ፣ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ሰማች።

«እሰይ፣ የመጀመሪያው እንግዳ መጣልኝ!» ብላ ብትወጣ፣ እናቷ በዝናብ ርሳ ቆማለች። ዋርካውን ምስጥ ጨርሶታል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርብኝ።