እመት ጃርትና ከደመና በላይ የበረረችው ሽመላ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆች፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ወፉም በአንድ ቋንቋ ሲያወራ፣ እመት ጃርት የምትባል እናት በደረቀ ወንዝ ዳር ጉድጓዷ ውስጥ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። እንስሳት ሁሉ ተሰብስበው ሲመክሩ ሽመላ ተነሣች።

«ከደመና በላይ ልውጣና አገራችንን ከላይ ልያት። ውኃ ያለበት ከዚያ ይታያል። ግን ምግብ ስፈልግ ጉልበቴ ያልቃል፤ ስንቄን እናንተ ቻሉኝ» አለች።

ጃርት እሾኋን አቆመች። «ልጆቼ እየተራቡ ሰማይ ለሰማይ ለምትዞር ወፍ ስንቅ ልስጥ?»

ሽማግሌው ኤሊ፣ «ርሃቡስ እውነትሽን ነው፣ እመት ጃርት። ግን የምናውቀውን ጉድጓድ ሁሉ ቆፍረን ጨረስን። የማናውቀውን ማን ይፈልግልን?» አላት።

ጃርት እያጉረመረመች ካስቀመጠችው ሥራሥር አንዲት ቀጭን መርጣ ሰጠች።

ሽመላ ወጣች፤ ነፋስ መለሳት። «አላልኳችሁም?» አለች ጃርት።

ደግሞ ወጣች። በዚህኛው፣ «ከኮረብታው ጀርባ ምንጭ አለ!» እያለች ወረደች። ሁሉም ሄደው ጠጡ። የጃርት ልጆችም ጠጡ። ጃርት አፈረች፤ ያን ቀን ወፍራሙን ሥር ሰጠች።

ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች። ከላይ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ አንድ ትልቅ ጥቁር ደመና አገኘችና፣ «ጌታው፣ ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ተራራችሁ። ነገ ያለኝን ሁሉ እዚያ አፈሳለሁ፤ ወንዙም ይሞላል» አላት።

ሽመላ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ተወርውራ ጃርት ደጅ አረፈች። «እመት ጃርት፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ! ጎርፍ ይመጣል!»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጃርት ግን አልተከራከረችም። ልጆቿን እየነዳች ኮረብታው ላይ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። በማግስቱ ወንዙ እያገሳ መጣ፤ ጉድጓዷንም ጠራርጎ ወሰደው። ጃርት ልጆቿን ቆጠረች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና ቆጠረች። ከዚያ አለቀሰች።

ጎርፉ ሲጎድል ሜዳው ላይ ጥቁር ለም አፈር ትቶ ሄደ። ዘሩበት፤ አይተው የማያውቁትን ያህል እህል አፈሱ። ጃርት ከአዲሱ ምርት መጀመሪያውን ተሸክማ ሽመላ ጎጆ ሥር ቆመች።

«እኔ ስሰጥሽ ለአንቺ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ ለልጆቼ ኖሯል። እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

እናንተም ልጆች፣ ከፍ ብሎ ሩቅ ለሚያይላችሁ ስንቅ አትንፈጉ፤ የሚያየው ለእናንተው ነው።